የአንጎል ፎቶ የልጅን ዕጣ አይቆርጥም፦ «ለወላጆች የሚነገር መራር እውነት» ለተባለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ለወላጆች የሚነገር መራር እውነት» የተባለው ጽሑፍ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ከሐርቡ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር ልጆቻቸውን አዝለው የሚመጡ እናቶች እያሳዩኝ «እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል። አንዷ ጭራሽ ቀጠሮ ለማቋረጥ ወስና ነው የመጣችው። እኔ ደሴ ውስጥ ከሕፃናት ጋር የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝና ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው፣ ባጭሩ እንዲህ ይላል። አንጎሉ በማሕፀን ሳለ በትክክል ያልተሠራ ሕፃን የወደፊት ሕይወቱ ኤምአርአይ በሚባለው የአንጎል ፎቶ ታይቶ አልቋል። የማይናገርና የማይራመድ ልጅ አያስተውልም። ፊዚዮቴራፒና ተመላላሽ ሕክምና ድሃን ማራቆት ስለሆነ ልጁን ቤት አስቀምጦ እየመገቡ መጠበቅ ይሻላል። ትምህርት ቤት መላክም ለመምህሩ ሸክም ነው። ችግሩ የመጣው ደግሞ እናቲቱ በእርግዝናዋ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ባለመውሰዷ ነው። ጸሐፊው የጤና ባለሙያ መሆናቸውን ገልጸዋል፤ የጻፉትም ለወላጅ አዝነው እንደሆነ አምናለሁ። ሆኖም ከጻፉት የሚበዛው ስሕተት ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ ልጅ የሚጎዳ ስሕተት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፎቶው። «ኤምአርአይ ከተናገረ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም» ብለዋል። የአንጎል አፈጣጠር ችግር ግን አንድ በሽታ አይደለም፤ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ክብደቱም ለየቅል ነው። የአንጎል ሴሎች ከተፈጠሩበት ከውስጠኛው ክፍል ተነሥተው ወደ ላይኛው ንጣፍ የሚጓዙት በአብዛኛው ከእርግዝናው ሦስተኛ እስከ አምስተኛ ወር ባለው ጊዜ ነው። ጉዞው ክፉኛ ከተስተጓጎለ የአንጎሉ ገጽ እጥፋት ሳያወጣ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል፤ ሊሴንሴፋሊ የሚባለው ይህ ነው። ጸሐፊው የሁሉንም ልጆች መልክ የሣሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። እውነት ነው፣ ጽኑ ሊሴንሴፋሊ ያለበት ልጅ አንገቱን ለማጽናትና ለመቀመጥ እጅግ ይቸገራል፤ አብዛኞቹን በመጀመሪያው ዓመት የሚጥል በሽታ ይጀምራቸዋል፤ ዕድሜያቸውም ሊያጥር ይችላል። ይህን ከወላጅ መደበቅ አይገባም። ይሁንና በዚሁ ችግር ውስጥ እንኳ የተነካው የአንጎል ክፍል ጠበብ ሲል የሚራመዱና የሚናገሩ ልጆች አሉ።

ኮርፐስ ካሎሰም የሚባለውን እንውሰድ። የቀኝና የግራ አንጎልን የሚያገናኝ፣ 200 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ክሮች ያሉት ጥቅል ነው። ጨርሶ ሳይፈጠር ወይም ከፊሉ ብቻ ተፈጥሮ የሚወለድ ልጅ አለ። ፎቶው ላይ ሲታይ ያስደነግጣል፤ መሀል ላይ መኖር ያለበት ነገር የለም። ነገር ግን ሌላ የአፈጣጠር ችግር ሳይደረብበት ይኸው ብቻውን በእርግዝና ወቅት የታየባቸውን ልጆች የተከታተሉ ጥናቶች ሲደመሩ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት የአእምሮ እድገታቸው በጤናማው ክልል ውስጥ ሆኖ ተገኝቷል። ሌላ ችግር ሲጨመርበት ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ «ኮርፐስ ካሎሰሙ የለም» የሚለው ወረቀት ብቻውን ስለ ልጁ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ከኋላ በኩል ያለው፣ ሚዛንንና እንቅስቃሴን የሚያቀናጀው የአንጎል ክፍል፣ ሴሬቤለምም እንዲሁ ነው። ዳንዲ ዎከር በሚባለው ችግር የሴሬቤለም መሀለኛ ክፍል ሳያድግ ይቀርና በሥሩ ፈሳሽ የሞላው ክፍተት ይሰፋል። ማሪ ዡቤር የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1969 ካናዳ ውስጥ በገለጹት ሌላ ችግር ደግሞ ሕፃኑ ልል ሰውነት ይዞ ይወለዳል፤ ትንፋሹ አንዴ ይጣደፋል፣ አንዴ ያርፋል፤ ዓይኑን ወደ አንድ ነገር ለማዞር ጭንቅላቱን ወርወር ማድረግ አለበት። እነዚህ ልጆች የሚራመዱት ዘግይተው ነው፤ አራትና አምስት ዓመት ሞልቷቸው የሚነሡ አሉ። በሁለት ዓመቱ «አይራመድም» ተብሎ የተተወ ልጅ ላይ ምን ዓይነት በደል እንደሚሠራ አንባቢ ያስበው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከቻይና የተዘገበውንም ልጥቀስ። አንዲት የ24 ዓመት ሴት ማዞርና ማቅለሽለሽ አስቸግሯት ሆስፒታል ትሄዳለች። ፎቶ ስትነሣ ሴሬቤለሟ ጨርሶ የለም። ልጅ ሳለች ንግግሯ ለሰው የገባው በስድስት ዓመቷ፣ የተራመደችው በሰባት ዓመቷ ነው። አካሄዷ ፍጹም የጸና አልነበረም፤ ንግግሯም ትንሽ ይጎተት ነበር። ግን አግብታ፣ ወልዳ ትኖራለች። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው፤ ለማንም ልጅ ቃል የሚገባበት አይደለም። በሕፃንነቷ ይህን ፎቶ ያየ ሐኪም «የሚጨመር ነገር የለም» ብሏት ቢሆን ኖሮ ግን ተሳስቶ ነበር።

ፎቶ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። የትኛው የሰውነት ክፍል ክትትል እንደሚያስፈልገው ያሳያል፤ በዡቤር ችግር ለምሳሌ ኩላሊትና ዓይን በየጊዜው መታየት አለባቸው። ለሚቀጥለው እርግዝና የሚሰጠውም ምክር በዚያ ላይ ይመሠረታል። ልጁ ወዴት እያመራ እንደሆነ የሚነግረን ግን ልጁ ራሱ ነው፤ በየሦስት ወሩ አይተን፣ አንገቱን፣ እጁን፣ ዓይኑን፣ ፈገግታውን መዝግበን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ከአምስት አገሮች ልጆች ተነሥቶ ባወጣው መለኪያ ጤናማ ልጅ ያለ ድጋፍ የሚቀመጠው ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ብቻውን የሚራመደው ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ነው የጤናማው ልጅ እንኳ ክልል። እኛ ዘንድ ለሚመጡት ልጆች ደግሞ ሌላ ምልክት አለን፤ በሁለት ዓመቱ ራሱን ችሎ መቀመጥ የቻለ ልጅ ኋላ ላይ የመራመድ ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን የሚነግር ኤምአርአይ የለም።

ሁለተኛው ነጥባቸው፣ «የማይናገር አያስተውልም» የሚለው፣ ከሁሉ ይልቅ አሳዝኖኛል። ከጆሮ በላይ ባለው የአንጎል ጎንና ጎን እጥፋቶቹ ከልክ በላይ በዝተውና ደቀው ሲፈጠሩ ፖሊማይክሮጋይሪያ ይባላል። ምላስን፣ ከንፈርንና ጉሮሮን የሚያዙት ቦታዎች እዚያ ስላሉ ልጁ ለሃጩን መዋጥ ይሳነዋል፣ ማኘክ ይከብደዋል፣ ቃል አይወጣለትም። የሚሰማውን መረዳቱ ግን ብዙ ጊዜ ከመናገር ችሎታው እጅግ ይበልጣል። አፉ ክፍት ሆኖ ለሃጩ ሲፈስ ያየ ሰው «ምንም አይገባውም» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው የጡንቻን ሥራ ከአእምሮ ሥራ ማምታታት ነው።

አንዲት ልጅ አለች፤ አንድም ቃል አትናገርም። ቤት የመጣ ሁሉ ስለ እሷ ፊቷ ላይ ያወራል፤ «አላህ ይገላግላት» የሚል ሳይቀር። እናቷ ይህ በተባለ ቁጥር ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንደምታዞር ልብ ብላ ነበርና ነገረችኝ። «አዎ» ለማለት ወደ ላይ፣ «አይ» ለማለት ወደ ታች እንድታይ አለማመድናት፤ ብዙም አላስቸገረችን። አስቀድመን ከጠየቅናት አንዱ የሚያምሽ ነገር አለ ወይ የሚል ነበር። ወደ ላይ አየች። እያንዳንዱን የሰውነቷን ክፍል እየነካን ስንጠይቃት ጥርሷ ሆኖ ተገኘ። ለወራት ስታለቅስ «ልማዷ ነው» እየተባለ ነበር። ጸሐፊው «አያስተውሉም» ብለው ሲጽፉ፣ እንዲህ ያለችን ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ጥርሷን አለማየቱ ትክክል ነው እያሉት መሆኑን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ተቃራኒውም አለ፤ እሱንም ጽሑፉ አያውቀውም። ኮርፐስ ካሎሰም የሌላቸው ልጆች አንዳንዶቹ ቀድመው አፍ ይፈታሉ፣ ቃላት ይጎርፍላቸዋል፤ ወላጅም አስተማሪም ዳኑ ብሎ ይረሳቸዋል። አራተኛ ክፍል አካባቢ የሒሳቡ ጥያቄ ሲወሳሰብ፣ ጓደኛ ሲቀልድ ቀልዱን ከቁም ነገር መለየት ሲያስፈልግ፣ ሁለት እጅን አቀናጅቶ ጫማ ማሰር ሲመጣ ድካሙ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ሰነፍ ነህ ተብለው ይገረፋሉ። ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው ነገሩን ቆርሶ ቆርሶ፣ በግልጽ ቃል፣ ደጋግሞ ማስረዳት ነው። አስተማሪው ምክንያቱን ካወቀ ይህን ማድረግ አያቅተውም።

እንቅስቃሴና አእምሮ ለየብቻ የሚሄዱም አይደሉም። ጄረሚ ሽማማንና ጃኔት ሸርማን እ.ኤ.አ. በ1998 እንዳሳዩት፣ ለሚዛንና ለእንቅስቃሴ ብቻ ይመስል የነበረው ሴሬቤለም ሲጎዳ ነገር ማቀድ፣ ቃል መምረጥና ስሜትን መግዛትም አብረው ይታወካሉ። በልጅ ደረጃ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ቀላል ነው። የማይቀመጥ ሕፃን ሁለት እጁ መሬት ለመደገፍ የተያዘ ነው፤ ወይም ጣሪያ እያየ ተጋድሟል። ደግፈን ስናስቀምጠው እጁ ነጻ ይወጣል፤ ማንኪያ ይይዛል፣ ያጋጫል፣ ይጥላል፣ የወደቀበትን ይፈልጋል። መማር የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ ወንበር የግድ አይደለም፤ የግድግዳ ማዕዘን፣ የታጠፈ ጋቢ፣ ከወፍራም ካርቶን የተሠራ መቀመጫ ይበቃል።

አሁን ወደ ሦስተኛውና ወደ ዋናው ልምጣ፤ «ቤት አስቀምጦ መጠበቅ» ወደሚለው። ይህ ምክር ልጅ ይጎዳል። ምክንያቴን በዝርዝር ልናገር።

ከሚጥል በሽታ ልጀምር። ዊልያም ዌስት የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1841 የራሳቸውን ወንድ ልጅ ሁኔታ ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት ጻፉ። ሕፃኑ ጭንቅላቱን ወደ ጉልበቱ ደፋ ያደርግና ወዲያው ቀና ይላል፤ ይህም እየተከታተለ ይደጋገማል። የልጁ እድገትም ቆመ። ይኸው መልክ ዛሬ እኛ ዘንድ ይመጣል። ከእንቅልፉ ሲነቃ እጆቹን ወርውሮ ይሸማቀቃል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይሸማቀቃል። ቤተሰብ «ደንግጦ ነው» ወይም «ሆዱን ቆርጦት ነው» ይላል። ጸበል ይወሰዳል፣ ዱዓ ይደረግለታል። በጸበልም በዱዓም ላይ ክፉ ቃል የለኝም፤ ክፋቱ መድኃኒቱ ሳይጀመር ሳምንቱ ማለፉ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የተደረገ ክትትል እንዳሳየው ይህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አንሥቶ ሕክምናው በዘገየ መጠን ልጁ በአራት ዓመቱ ሲለካ እድገቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ከሁለት ወር በላይ የዘገየባቸው ከሁሉ የባሰ ነው። ለሌላው የሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ይህን ብዙ ጊዜ አያቆመውም፤ ፕሬድኒሶሎንን የመሰለ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ እሱንም የሚያዝዘውና የሚከታተለው የሕፃናት ሐኪም ነው። የአንጎል አፈጣጠር ችግር ያለባቸው ሕፃናት ለዚህ መንቀጥቀጥ ከሌላው ይልቅ የተጋለጡ ናቸው። እንግዲህ ለእነሱ ወላጆች «ቤት ጠብቁ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ የምላቸው ልጁ ሲሸማቀቅ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹና በዚያው ቀን ይዛችሁ ኑ ነው። ሐኪም ፊት ሲደርስ ልጁ ላይሸማቀቅ ይችላልና ቪዲዮው ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል።

ቀጥሎ የጭንቅላት ውሃ አለ። ዳንዲ ዎከር ወይም ስፓይና ቢፊዳ (የጀርባ አጥንት ሳይዘጋ መወለድ) ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ላይ በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። የአዲስ ሕፃን የጭንቅላት ዙሪያ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከዚያ ፈጥኖ የሚሰፋ፣ እርግብግቢቱ የተወጠረ፣ የዓይኑ ጥቁር ክፍል ወደ ታች የሚሰምጥ፣ የሚያስታውክ ሕፃን ጊዜ የለውም። ይህን ለማወቅ ሜትር ብቻ ይበቃል፤ እርግብግቢቱ እስካልተዘጋ ድረስ ደግሞ በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል። ፈሳሹን ወደ ሆድ የሚያወርደው ሻንት የሚባል ቱቦ፣ ወይም ኡጋንዳ ምባሌ ውስጥ ለሕፃናት የዳበረውና በካሜራ መሣሪያ ፈሳሹ በውስጥ መንገድ እንዲያገኝ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና በጊዜው ከተሠራ ከፈሳሹ ግፊት የሚመጣውን ጉዳት ይገታል። በአፈጣጠር የጎደለውን አይመልስም። ያለውን ግን ያተርፋል፤ ጸሐፊው ከሒሳባቸው ያስቀሩት ይህን ነው።

ስለ አመጋገብ «እየመገቡ መጠበቅ» ብለው በሁለት ቃል አልፈውታል። እኔ ግን ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ሕፃን መጋት በአገራችን የቆየ ነው፤ አጋድሞ፣ በመዳፍ አፍ ላይ አድርጎ፣ አጥሚቱን ማፍሰስ። መዋጥ የሚያስቸግረው ልጅ እንዲህ ሲጋት ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል። ትን ይለዋል፤ ሲደክመው ደግሞ ሳል እንኳ ሳያወጣ ይገባል። ከዚያ ሳንባ ምች ነው፤ ይድናል፣ ደግሞ ይመለሳል። እነዚህ ልጆች ከአንጎላቸው ችግር ይልቅ በሳንባ ምችና በምግብ እጥረት ያልቃሉ ብል አላጋነንኩም። መድኃኒቱ ብር አይጠይቅም። ልጁን ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፤ አገጩ ወደ ደረቱ ጥቂት ዘንበል እንዲል ከፊት ለፊቱ ዝቅ ብሎ መመገብ፤ ቀጭን አጥሚት ትን ካለው ወፈር አድርጎ በትንሽ ማንኪያ መስጠት፤ እስኪውጥ መታገስ፤ ከበላ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀና አድርጎ ማቆየት። ክብደቱ ካልጨመረ ወይም ሁልጊዜ ትን የሚለው ከሆነ ሐኪም ይየው። ይህን ለአያቶች ጭምር ማስተማር ያስፈልጋል፤ ቀኑን ሙሉ የሚመግቡት እነሱ ናቸውና።

ስለ እንቅስቃሴው ደግሞ ጽሑፉ «ጊዜው ሲደርስ የሚራመድ ይራመዳል» ይላል። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባቸውን 657 ልጆች ለዓመታት የተከታተለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ጥናት ሌላ ነው የሚለው። ትልልቅ እንቅስቃሴዎች ከሁሉ ፈጥነው የሚያድጉት ከአምስት ዓመት በፊት ነው፤ ጉዳታቸው በጸናባቸው ልጆች ደግሞ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ወደ ጣሪያው ይቃረባል። አንጎላቸው ሲፈጠር የተዛባ ልጆች ብዙዎቹ በሴሬብራል ፓልሲ ምድብ የሚገቡ ስለሆኑ የሚመለከታቸው ነው። የተወሰነች ጊዜ ላለው ልጅ ጠብቅ ማለት ያችን ጊዜ መውሰድ ነው።

ይህን በወሎ የምናውቀው ከጥናት ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ ቤተሰብ ልጁን አዝሎ ተሰደደ። ክትትልም መድኃኒትም ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የተመለሱት ልጆች ቁርጭምጭሚታቸው ተሳስሮ፣ ጉልበታቸው አልዘረጋ ብሎ፣ ቆሞ የነበረው የሚጥል በሽታ ተመልሶባቸው ነበር። በድጋፍ መቆም ጀምሮ የነበረ ልጅ ጉልበቱ ሲታጠፍ ማየት ከባድ ነበር። ጸሐፊው እንደ ምክር የሚሰጡትን መጠበቅ እኛ በግዳችን ሞክረነዋል።

በዚህ ሥር አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሑፉ ፊዚዮቴራፒን «እጅና እግር ማሸት» አድርጎ ስላቀረበው። ልጅ ተኝቶ ሌላ ሰው እጅ እግሩን ቢያንቀሳቅስለት መንቀሳቀስ አይማርም። የሚማረው ራሱ ሲሞክር፣ የሚፈልገውን ነገር ለመያዝ ሲዘረጋ፣ በየቀኑ፣ ቤቱ ውስጥ፣ ሲደጋግመው ነው። የእኔ ሥራ እናቲቱን ማሳየት ነው፤ ሥራው የሚሠራው ቤት ነው። አንቀልባ ራሱ በእጄ ካሉት ጥሩ መሣሪያዎች አንዱ ነው፤ እግር ተከፍቶ መታዘል ለዳሌ መገጣጠሚያ ይጠቅማል። ግን ቀኑን ሙሉ የታዘለ ልጅ በሆዱ ተኝቶ ራሱን ቀና ለማድረግ ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ሰዓት ይከፈልለት። ወጌሻ ዘንድ ወስዶ በኃይል ማስዘርጋትን ግን አጥብቄ እከለክላለሁ። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ስስ ነው፤ ይሰበራል።

ጸሐፊው ስለ ወጪ የጻፉት ትክክል ነው፤ በዚህ ከጎናቸው እቆማለሁ። በሬውን ሸጦ ሁለተኛና ሦስተኛ ኤምአርአይ ማስነሣት የልጁን ሕክምና አንዳች ካልለወጠ አይጠቅምም። የግንድ ሴል ሕክምና ውጭ አገር እንሰጣለን እያሉ ለዚህ ችግር ያልተረጋገጠ ነገር የሚሸጡም አሉ፤ ወላጅ እንዳይሰማቸው። እኔ ከላይ የዘረዘርኩት ግን ሜትር፣ ማንኪያ፣ ካርቶን፣ የስልክ ቪዲዮና በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ለእግር ድጋፍና ለተሽከርካሪ ወንበር ደሴ ውስጥ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው የሐረጎን ዳገት መውጣት ብቻ ነው። የትራንስፖርቱ ወጪ ለቀን ሠራተኛ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው ቀጠሮን ማራራቅና የቤት ሥራውን ማብዛት የምመርጠው።

ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ አልልም። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ የያዘ መምህር እንደሚቸገር እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ልጁን ማስቀረት አይደለም። ተደግፎ የሚቀመጥበት ቦታ፣ በዓይኑ የሚመልስበት ዘዴ፣ አጠገቡ የሚቀመጥ ጓደኛ ይሰጠው። ልጆች ከአዋቂ ቀድመው ይግባባሉ።

የመጨረሻው ነጥብ እናትን ይመለከታል። ጸሐፊው ሁሉንም የአንጎል አፈጣጠር ችግር ፎሊክ አሲድ ካለመውሰድ ጋር አያይዘውታል። ፎሊክ አሲድ በግልጽ የሚከላከለው የነርቭ ቱቦ፣ ማለትም አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የፅንሱ ክፍል፣ ሳይዘጋ መቅረትን ነው፤ ስፓይና ቢፊዳና የራስ ቅል ሳይፈጠር መቅረትን የመሳሰሉትን። ያ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው። ብዙ ሴት በዚያ ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ስትቀበል ሦስት አራት ወር አልፏል። ክኒኑ ለሌላ ነገር ይጠቅማታል እንጂ ለዚያ ዘግይቷል። ታዲያ ማን ነው ጥፋተኛዋ? አገራችን እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች፤ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ጤፏን፣ ማሽላዋንና ስንዴዋን ሰፈር ወፍጮ ቤት የምታስፈጭ የተሁለደሬ ወይም የቃሉ ገበሬ ሚስት ያ የፋብሪካ ዱቄት አይደርሳትም። ለእነዚህ ሴቶች ከጋብቻ በፊትና በወሊድ መቆጣጠሪያ ምክር ጊዜ ክኒኑን ማድረስ እንጂ ከወለዱ በኋላ መክሰስ ምንም አይፈይድም።

ሊሴንሴፋሊ፣ ፖሊማይክሮጋይሪያ፣ የኮርፐስ ካሎሰም ችግርና የዡቤር ችግር የሚመጡት በሌላ መንገድ ነው። አንዳንዱ ከዘረ መል ለውጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከእናትም ከአባትም ያልተወረሰ፣ በልጁ ላይ አዲስ የተከሰተ ነው። አንዳንዱ በእርግዝና ወቅት ከያዘ የቫይረስ ኢንፌክሽን ነው። የዡቤር ችግር በአብዛኛው ከሁለቱም ወላጆች እኩል የሚወረስ በመሆኑ በዘመዳሞች ጋብቻ ላይ ይበዛል፤ በሚቀጥለው እርግዝናም ከአራቱ አንድ የመደገም ዕድል አለው። ይህን የመሰለውን ነገር ወላጅ ሊያውቀው ይገባል። እናት ብቻዋን የምትሸከመው ግን አይደለም፤ እርግማንም፣ ልክፍትም አይደለም። ጽሑፉ ከወጣ ወዲህ ባሏ «አንቺ ነሽ ያመጣሽው» ያላት ሴት አውቃለሁ፤ የልጇ ችግር ደግሞ ፎሊክ አሲድ ከሚከላከለው ወገን አይደለም።

ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ልጅ ወልዳ ሌላ ልጅ የምታስብ እናት ይህን ካነበበች ግን የምነግራት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የእንግሊዝ ጥናት እንዲህ ላሉ እናቶች በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የችግሩን መደገም በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ለሌሎች ሴቶች ከሚመከረው 0.4 ሚሊ ግራም አሥር እጥፍ ነው። መጀመር ያለበት ከማርገዟ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ነው፤ እስከ ሦስተኛው ወርም ይቀጥላል። ነፍሰ ጡር ሲሰጥ የሚያዩት የተለመደው ክኒን ይህን መጠን አይሞላም፤ ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ሄዳ «ፊት የወለድኩት ልጅ ስፓይና ቢፊዳ አለበት፣ ሌላ ለመውለድ አስቤአለሁ» ብላ ትናገር። ለሚጥል በሽታ ቫልፕሮት የምትወስድ ከሆነ ይህንንም ትንገራቸው፤ መድኃኒቱ ራሱ ይህን ችግር ስለሚያመጣ ከማርገዟ በፊት መለወጥ አለመለወጡን ከሐኪሟ ጋር መወሰን አለባት፤ በራሷ ግን እንዳታቋርጠው።